ተመደብኩ፣ ተቀጠርኩ፣ ተመዘገብኩ፦ የጤና ሥራ በሸዋ ከድርጎ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ

አንድ የጤና ባለሙያ «ሥራ እንዴት ያዝክ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስበት ቃል ዕድሜውን ይናገራል። በደርግ ዘመን የተመረቀው «ተመደብኩ» ይላል። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. በሩን ከከፈተ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ከእኛ ጋር የወጣው «ተቀጠርኩ» ይላል። የቅርብ ዓመት ተመራቂ ግን «ተመዝግቤያለሁ» ነው የሚለው። የት እንደተመዘገበ ብትጠይቁት ወረዳውን፣ ዞኑን፣ ሁለት ሦስት የግል ክሊኒኮችን ይቆጥርላችኋል።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ጤናው ዘርፍ የሥራ ዕድል አንድ ነገር ጻፍ ሲሉኝ «እኔ ያጠናሁት ታሪክ፣ ከጤና ጋር ምን አገናኘኝ?» ብዬ ነበር። ሳስበው ግን ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው። የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓሳችን ነርስ፣ አዋላጅ፣ ጤና መኮንን፣ ሐኪም ያስመርቃል። የሰሜን ሸዋ ሕመምተኛም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ታዲያ ባለሙያ ፈልጎ የሚሰለፍ በሽተኛና ሥራ ፈልጎ የሚሰለፍ ባለሙያ በአንድ ከተማ እየኖሩ እንዴት ሳይገናኙ ይቀራሉ? ወደ ኋላ ስመለስ ያየሁት ይህን ነው፦ በዚህ አገር የጤና ሠራተኛ ሲቀጠር የኖረው በሽተኛ ስለበዛ ሳይሆን ከፋይ ስለተገኘ ነው። ከፋዩ ሲለወጥ የሥራው መልክ አብሮ ይለወጣል፤ ከፋዩ ሲደክም ደግሞ የባለሙያው እጅ ባዶ ይቀራል፣ በሽተኛው እደጁ ቆሞ እያየው።

ከአንኮበር ልጀምር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ብዙዎቻችን በተማሪነታችን ወጥተን አይተነዋል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) እዚያ ተቀምጠው በሚገዙበት ጊዜ፣ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ መጣ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ስለ ውሉ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሳበኝ ግን ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ሐኪም፣ ዶክተር ኪርክ ነው። ሃሪስ በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ንጉሡ ለመድኃኒት የነበራቸውን ጉጉት ደጋግሞ ያነሣል። ከነሃሪስ ቀድሞ የመጣው ሚስዮናዊ ክራፕፍም ሊያስተምር መጥቶ መድኃኒት ሲለመን ኖሯል። የፈረንጅ ሐኪም ማለት ለሰዉ ያኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ፈላጊው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልጠፋም።

እነዚህ ሰዎች በምን ይኖሩ ነበር? በድርጎ። በሸዋ ቤተ መንግሥት ደንብ የንጉሥ እንግዳ በገዛ ገንዘቡ አይበላም። እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ ተቆርጦለት በየጊዜው ይደርሰዋል። ድርጎ ደመወዝ አይደለም፣ ልዩነቱ ይገባኛል። ነገር ግን ለሐኪሙ የሚሰጠው ጥቅም የደመወዝን ያህል ነበር፣ የሚጥልበት ግዴታም እንዲሁ። ድርጎ የሚበላ ሰው ጥሪ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ግቢ ነው። ሌላም አለ፦ እንግዳ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ከሸዋ መውጣት አይችልም ነበር። «መልቀቂያ አልሰጥም አሉኝ» የሚለው የዛሬ ሐኪሞቻችን ቋሚ ሮሮ እንግዲህ ዘመዱ ሩቅ አይደለም።

ከግቢው ውጭ የነበረው ሕዝብ የራሱ ባለሙያዎች ነበሩት። የተሰበረ የሚጠግን ወጌሻ፣ የልምድ አዋላጅ፣ ሥር የሚምስ መድኃኒት ዐዋቂ፣ ኮሶ የሚያሻርር፣ ጠበል የሚያጠምቅ። እነዚህን የቀጠረ ማንም የለም፤ የሚከፍላቸው የታመመው ሰው ራሱ ነው፣ በእህል፣ በአሞሌ ወይም በምስጋና። በዘመናዊ አነጋገር ሁሉም የግል ሴክተር ነበሩ ማለት ነው። ይህን ለቀልድ ያህል አላነሣሁትም። በአገራችን የሕክምና ታሪክ ከፋዩና ታካሚው አንድ ሰው የነበሩበት ዘመን ያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከፋዩን ከታካሚው የለየ ነው።

በምኒልክ ጊዜ ነገሩ ትንሽ ሰፋ። በ1869 ዓ.ም. ገደማ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች በአንቲኖሪ መሪነት መጥተው፣ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለው ቦታ ተሰጣቸው። አንቲኖሪ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ጣቢያውን የያዙት ራጋዚና ትራቨርሲ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ። የሚከፍላቸው ግን ሮም ነው። በሽተኛ ያዩ ነበር፣ አገሩንም ያጠኑ ነበር፣ ለመንግሥታቸውም ይጽፉ ነበር። ሐኪም የማን ሰው እንደሆነ ለማወቅ ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ በቂ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ሐኪሙም አብሮ ወረደ። ከአድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የሠሩት አዲስ አበባ ነው፤ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የምኒልክ ሆስፒታልም እዚያው። አንኮበር ታሪኩን ይዞ ተራራው ላይ ቀረ። የመጀመሪያው በዘመናዊ መንገድ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ታሪካቸው ያው ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው በሕንድ አገር ተማሩ፤ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ላይ ቆዩ። አገራቸው ከገቡ በኋላም ከሕክምናው ይልቅ አስተዳደሩና ዲፕሎማሲው ወሰዳቸው። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚሆን መደብ ገና አልተፈጠረማ!

መደቡ የተፈጠረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በስደት ሳሉ ለንደን ውስጥ በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወጣትነታቸው ቢያርፉም፣ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤት ከፈተ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ በደምቢያ ሜዳ ወባ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። የጎንደሩ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያስቀናኛል። ሐኪም ለማፍራት ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አንድ ላይ ሠልጥነው እንደ ቡድን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ትምህርቱም የሥራ መደቡም ከአንድ እጅ ነው የሚወጣው። ሚኒስቴሩ ስንት ጤና ጣቢያ እንደሚከፍት ያውቃል፣ ኮሌጁ ለዚያ ያህል ያሠለጥናል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ በጤና ፋኩልቲ የማይነሣ፣ እኛ ታሪክ ክፍል ውስጥ ግን በመሬት ግብር ርዕስ የምናልፈው አንድ ነገር አለ። በ1951 ዓ.ም. መንግሥት በመሬት ላይ የጤና ግብር ጣለ። ትምህርት ግብር ቀድሞ ነበረ፤ የጤናው ተጨመረበት። ስለዚህ የሸዋ ባላገር ለነርስና ለድሬሰር ደመወዝ መክፈል የጀመረው ነርስም ድሬሰርም ቀበሌው ከመድረሳቸው ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። ጤና ጣቢያው ከተማ ላይ፣ ግብሩ ገጠር ላይ። ዛሬ ስለ ገጠር ጤና ስናወራ «መንግሥት ለገበሬው ሰጠው» የሚለው አነጋገር ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። ቅድሚያ ክፍያው ተፈጽሟል።

ድሬሰርን ካነሣሁ ትንሽ ልቆይበት። የአሁን ተማሪዎች ቃሉንም ላያውቁት ይችላሉ። ድሬሰር ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ በጥቂት ወራት ሥልጠናና በብዙ ዓመት ልምድ የተሠራ ሰው ነበር። በብዙ የሸዋ ትንንሽ ከተሞች «ዶክተር» ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው፤ ሰዉ ሌላ ዶክተር መቼ አየና! በወረቀት ላይ ትንሹ መደብ የእሱ ነበር፣ በአገልግሎት ብዛት ግን ትልቁ። የሚገርመው፣ የጤና ሠራተኛ ታሪካችን በሐኪሞች ስም ተጽፎ የሥራው ሸክም የኖረው ከድሬሰር እስከ ጤና ኤክስቴንሽን ባለው የታችኛው እርከን ላይ ነው።

ደርግ ሲመጣ ከፋዩ አንድ ብቻ ሆነ። በመስከረም 1971 ዓ.ም. አልማ አታ ላይ የተፈረመው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት መግለጫ ከአብዮቱ ንግግር ጋር ተስማማ። ጤና ረዳቶች በብዛት ሠለጠኑ፣ ገበሬ ማኅበራትም የጤና ወኪል መረጡ። የጎንደሩ የጤና መኮንን ሥልጠና ግን ተቋርጦ ኮሌጁ ወደ ሐኪም ማሠልጠኛነት ዞረ፤ የጤና መኮንን ትምህርት የተመለሰው በ1988 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ያህል አንድ ሙሉ የሙያ እርከን ጎደለ ማለት ነው። በአንድ ውሳኔ የተዘጋ መደብ ምን ያህል ዘመን እንደሚያጎድል ለማየት ይህ ይበቃል።

የምደባው መንገድ ዕጣ ነበር። ደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ስለዚያ ጊዜ ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉ፦ «ወረቀቱ ተጠቅልሎ ይቀርባል፣ ታወጣለህ። አንዱ ኢሉባቦር ይወጣለታል፣ አንዱ ባሌ። ያለቀሰም ነበር፣ የጨፈረም። እኔ ያው መንዝ ደረሰኝ፣ ብርዱ ነው እንጂ ሰዉ ጥሩ ነው።» ጋሼን «ሥራ አጣለሁ ብለው ሰግተው ያውቃሉ?» ብላቸው ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ቆይተው፦ «የት ነው የሚለው ነበር የሚያስጨንቀን እንጂ፣ ይኖራል ወይ የሚለውማ ማን ያስበዋል!» አሉኝ። ዕጣው ጨካኝ ነበር፤ ባልና ሚስት ይለያይ ነበር፣ ለውጥ ለማግኘት ደጅ ያስጠና ነበር። ይሁን እንጂ ከዕጣው በስተጀርባ የተቆጠረ መደብ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቦታ ወንበርና ደመወዝ ያለው ቦታ ነው።

አሁን ላለንበት ሁኔታ በር የከፈተው ውሳኔ ከጤናው ዘርፍ ውጭ የተወሰነ ነው። በ1994 ዓ.ም. የበጀት ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ። ወረዳው ከክልል ጥቅል በጀት ተቀብሎ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለግብርና ራሱ ያከፋፍላል። በሐሳብ ደረጃ የሚደገፍ ነው፤ አንኮበር የሚያስፈልጋትን ከአንኮበር በላይ ማን ያውቃል? በተግባር ግን የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ነው የሚውለው። ከዚያ ወዲህ አንዲት አዋላጅ ነርስ ሥራ ስትጠይቅ ተፎካካሪዋ ሌላዋ አዋላጅ ብቻ አይደለችም፤ የሒሳብ መምህሩና የግብርና ልማት ሠራተኛውም ናቸው። «መደብ የለም» የሚለው መልስ «አታስፈልጊንም» ማለት እንዳልሆነ ተመራቂዎቻችን የሚረዱት ዘግይተው ነው። መደብ ማለት ሥራው መኖሩ አይደለም፤ ለሥራው የተያዘ ደመወዝ መኖሩ ነው።

የሆነ ሆኖ በዚያው ሰሞን፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአገሪቱ ትልቁ የጤና ቅጥር ተጀመረ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፤ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ይመደባሉ፤ ደመወዛቸውን መንግሥት ይከፍላል። በ2002 ዓ.ም. ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደርሶ ነበር። የገጠር ሴት ልጅ በዚያ ብዛት በአንድ ጊዜ ደመወዝተኛ ሆና አታውቅም ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ብዙ አገሮች ለዚህ ሥራ በጎ ፈቃደኛ ነው ያሰማሩት። የእኛን ልዩ ያደረገው ደመወዙ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የአንኮበርን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ቀበሌ መሸፈን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ወረዳው ከደጋው ውርጭ ተነሥቶ ወደ አልዩ አምባና ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ሥራውን ለዓመታት የሠራች አንዲት እኅታችን «ጠዋት ጋቢ ለብሼ እወጣለሁ፣ ከሰዓት ወባ እመረምራለሁ» ብላኛለች። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የእናቶች ክትትል፣ አሥራ ስድስት ፓኬጅ በሁለት ሴቶች ትከሻ ላይ ነበር፤ እሱም በኋላ ተጨመረበት። የሕፃናት ሞት በአገራችን በዚያ ዘመን በጣም የቀነሰው በሆስፒታል ብቻ እንዳልሆነ የጤና ፋኩልቲ መምህራኖቻችን ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ። እኔ የምለው፣ ያ ሁሉ የሆነው አንድ ነገር ስለተሟላ ነው፦ ሥልጠናው ሲጀመር መደቡ ተቆርጦ ነበር። የጎንደሩ ሐሳብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመለሰ።

ችግሩ የመጣው ከላይ ባለው እርከን ነው። ለሃያ ዓመት ያህል በአገሪቱ ሐኪም የሚያሠለጥኑ የመንግሥት ተቋማት ሦስት ብቻ ነበሩ፣ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ተከታትለው ተከፈቱ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ በአንድ ጊዜ 13 ተቋማት አዲሱን የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት ጀመሩ። የግል የጤና ኮሌጅም በየከተማው ፈላ። ሐሳቡ ሐኪም ወደ ውጭ ስለሚፈልስ በብዛት እናፍራ፣ የሚሄደው ይሂድ፣ የሚቀረው ይበቃናል የሚል ነበር። ፍልሰቱ እውነት ነው። በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለነበረው ሁኔታ በተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ከአሥር ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ሦስቱ ገደማ ውጭ ነበሩ። (በቺካጎ ያሉት አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ የሚባለው ወሬ ግን ወሬ ነው። ከአሥር ሦስት ከአሥር ሰባት አይበልጥም፣ እነሱም ቢሆኑ ሁሉም ቺካጎ አልሰፈሩም።)

ያልተሰላው ሌላው ወገን ነው። ማሠልጠኛው የተስፋፋው በፌዴራል ገንዘብ ነው፤ ቀጣሪው ግን ወረዳና ክልል ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ተማሪ ቁጥር አንድ ቢሮ ይወሰናል፣ የነርስ መደብ ሌላ ቢሮ። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቁጥራቸውን ቢያስተያዩ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሐኪም ሥራ ፈታ የሚል ዜና በአገራችን መሰማት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አባቶቻችን ቢሰሙት ቀልድ ይመስላቸው ነበር። ሥራ ያገኘውም ቢሆን ደመወዙ ከኑሮው ጋር አልሄድ ብሎት በግንቦት 2011 እና በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ አደባባይ ወጥቷል።

በእኛ ዞን ላይ ጦርነቱ ተጨመረበት። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና ደረሰ፤ በመንገዱ ያሉ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ፈረሱ። ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀለው ሕዝብ ደብረ ብርሃን ሰፈረ። ታካሚው በአንድ ክረምት ሲጨምር መደቡ በዚያው ቀረ።

«ባለሙያ ተረፈ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከመምህራኖቻችንም ሰምቻለሁ። በቁጥር እንየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሰሜን ሸዋ ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በራሳችን መንግሥት መስፈርት ለ25,000 የገጠር ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ለ5,000 አንድ ጤና ኬላ ያስፈልጋል። በዚያ ስሌት ዞኑ 70 የሚያህል ጤና ጣቢያና ከ360 በላይ ጤና ኬላ ይፈልጋል፤ ለኬላዎቹ ብቻ ከ700 በላይ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ይላል። በዚያ መስፈርት የ1999ኙ ሕዝባችን ብቻ 8,000 ባለሙያ ይጠይቃል፤ ዛሬ ሕዝቡ ከዚያ በዝቷል። አሮጌውን 2.3 የሚለውን መስፈርት ብንወስድ እንኳ ከ4,000 በላይ ነው። የተረፈ ባለሙያ የለም። የጎደለው ደመወዝ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ድርጅቱ በ2030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓለም ከ10 ሚሊዮን በላይ የጤና ሠራተኛ ይጎድላታል ይላል፤ በዚያው ጊዜ ጋናና ኬንያ ሥራ ያጡ ነርሶቻቸውን ይቆጥራሉ። ጋና በ2012 ዓ.ም. በመንግሥታት ስምምነት ነርሶቿን ወደ ባርቤዶስ ልካለች። እኛም ወደዚያው መንገድ እያየን ነው። በግሌ አልቃወመውም፣ ሰው ሠርቶ መኖር አለበት። ነገር ግን ነርስ የተማረችው በማን ገንዘብ እንደሆነ፣ ያ የ1951ዱ ግብር ከፋይ ገበሬ የልጅ ልጁ በምጥ ስትያዝ ማን እንደሚደርስላት አብሮ መጠየቅ አለበት።

የግሉ ዘርፍስ? ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች፤ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ዘመን ጀምሮ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ሠራተኛው በዝቷል፣ ክሊኒክና መድኃኒት ቤቱም ተከትሎ በዝቷል። እዚያ የሚቀጠር ተመራቂ አለን። ይሁንና የግል ክሊኒክ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎረቤላ ቁልቁለት አይወርድም። ደሞዙም ብዙ ጊዜ አዲስ ተመራቂ ሥራ በማጣቱ የሚተመን ነው፤ አንዳንዱ «ልምድ ይሁንህ» ብሎ ያለ ደመወዝ የሚያሠራም አለ። ድርጎ እንኳ የለውም!

ካምፓሳችን ስማቸውን የያዘው ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ የዚህ ታሪክ አንድ ክፍል ናቸው። ኤድንብራ ተምረው አገራቸው የተመለሱ ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱና በዲንነት የመሩት። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችን ካፈሩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ከ40 ከሚበልጡ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ከሥራ ተሰናበቱ። ፖለቲካውን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና እንደ ቅጥር ታሪክ ብቻ ላንሣው፦ ቀጣሪው አንድ በሆነበት አገር የቀዶ ጥገና ሐኪምም ቢሆን በአንድ ደብዳቤ ሥራ ያጣል። ተማሪዎቻችን በየቀኑ በዚያ ስም ሥር ገብተው ይወጣሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው እኔ የበጀት ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመቀበሉ በፊት ከዞኑና ከወረዳዎቹ የመደብ ቁጥር መጠየቅ ይችላል፤ ማንም አይከለክለውም። የጎንደር ኮሌጅ በ1947 ያደረገው ይህንኑ ነው። ወረዳዎችም ቢሆኑ ጤና ኬላቸው ውስጥ ስንት ወንበር ባዶ እንደሆነ በጽሑፍ ቢሰጡን፣ ባዶ የሆነው ሰው ስላጣ ነው ወይስ ደመወዝ ስላጣ የሚለው ይለያል። እነዚህ ሁለት ባዶዎች እስከ ዛሬ በአንድ ስም «ክፍት ቦታ» ተብለው ነው የሚጠሩት።

ለማኅበራችን የማቀርበው ደግሞ ትንሽ ነገር ነው። በዚህ መጽሔት መጨረሻ ላይ እያንዳንዳችን ሞልተን የምንመልሰው ቅጽ አለ፤ ስም፣ የተመረቁበት ዓመት፣ የትምህርት ክፍል፣ የሥራ ቦታ። ባለፉት ዓመታት የጤና ተመራቂዎቻችን ቅጽ ጥቂት ነው የሚመለሰው፤ ምክንያቱን ስጠይቅ አንዱ «የሥራ ቦታ የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?» አለኝ። አዘጋጆቹ ተስማምተው ከዘንድሮ ጀምሮ ከመስመሩ ሥር ሁለት ሣጥኖች ጨምረዋል፦ «እየሠራሁ ነው» እና «ተመዝግቤ እየጠበቅኩ ነው፣ ከ… ዓ.ም. ጀምሮ»። የጤና ሳይንስ ተመራቂዎች፣ እባካችሁ ሁለተኛው ላይም ቢሆን ምልክት አድርጋችሁ መልሱ፤ ዓመቱን መጻፍ አትርሱ።